ጨረቃን ለማንሳት የትኛው ይሻላል? ስልክ፣ ቴሌስኮፕ፣ ሱፐርዙም ወይስ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ

ካሜራ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር የዙሙን እጥፍ ነው። 65 እጥፍ፣ 83 እጥፍ፣ ስልክ ከሆነ ደግሞ 100 እጥፍ። ጨረቃን ለማንሳት ለሚያስብ ሰው ይህ ቁጥር እምብዛም አይጠቅምም። እጥፉ የሚናገረው ሌንሱ ከራሱ መነሻ ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ነው። ከ24 ሚሊ ሜትር ተነስቶ 480 ላይ የሚቆም ትንሽ ካሜራ «20 እጥፍ» ይባላል፤ ከ150 እስከ 600 የሚሄደው ረጅም ሌንስ ግን «4 እጥፍ» ብቻ ነው። ጨረቃን አቅርቦ የሚያሳየው ግን ሁለተኛው ነው።

የሚጠቅሙት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም በስልክዎ ካልኩሌተር ማውጣት ይችላሉ።

አንደኛው፣ ጨረቃ ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል) ላይ የምትይዘው ስፋት ነው። ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትይዝ፣ የሌንሱን የትኩረት ርቀት (በሚሊ ሜትር የሚጠራውን ቁጥር) ለ110 ማካፈል ይበቃል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ኪት ሌንስ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ 5.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጨረቃ ያሳርፋል። ለጀማሪ በሚሸጠው፣ ኤፒኤስሲ የሚባል መካከለኛ ስፋት ያለው ሴንሰር ባለው ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ላይ እነዚህ በቅደም ተከተል ወደ 130፣ 700 እና 1400 ፒክሰል ይሆናሉ። የስልክ ዋና ካሜራ በ1 እጥፍ የሚሰጣት ከ25 እስከ 30 ፒክሰል ነው። ነጭ ነጥብ ሆና የምትቀረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው። የትኩረት ርቀቱን ለኤፍ ቁጥሩ (ሌንሱ ላይ ለተጻፈው የቀዳዳ መለኪያ) ያካፍሉ፤ 300 ሚሊ ሜትር በኤፍ 5.6 ሲሆን 54 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከጠበበ የቱንም ያህል ቢያጎሉ የሚበዛው ብዥታው እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። 220ን ለቀዳዳው ስፋት ሲያካፍሉ፣ ያ መሣሪያ ጨረቃ ላይ ሊለየው የሚችለውን ትንሹን ነገር በኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ለ54 ሚሊ ሜትር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የጨረቃ ስፋት 3474 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድን ዝርዝር ለመለየት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ፒክሰል ይፈለጋል። 700 ፒክሰል የሚሰጠው 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው 4 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድለትም ፒክሰሉ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያስቆመዋል። ገደብዎ ከሁለቱ የከፋው ነው። ሦስተኛም ገደብ አለ። የአየሩ መናወጥ በተለመደ ሌሊት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዝርዝር ስለሚሰርዘው፣ ከዚህ በታች ለመውረድ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ለጀማሪ ትርጉም የለውም።

ስልክ ብቻውን

በ1 እጥፍ የሚሆነው አካባቢን ከጨረቃ ጋር ለማንሳት ብቻ ነው። 5 እጥፍ እውነተኛ የቴሌፎቶ ሌንስ ያላቸው ስልኮች ወደ 125፣ 10 እጥፍ ያላቸው ወደ 250 ፒክሰል ይሰጣሉ። የሌንሳቸው ቀዳዳ ግን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ40 ኪሎ ሜትር ያህል በታች አይወርዱም። ጥቁሮቹ ሜዳዎችና ቲኮ ከተባለው ጉድጓድ የሚወጡት ነጫጭ ጨረሮች ይታያሉ፤ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድ ግን ነጭ ጠብታ ከመሆን አያልፍም።

ከዚያ በላይ ያለው ዙም በሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ሳምሰንግ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ፣ ሲን ኦፕቲማይዘር የተባለው ሥርዓቱ ጨረቃን ለይቶ ሲያውቅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝርዝሩን እንደሚያጎላ ገልጿል። ይህ ለወደደው ችግር የለውም። ነገር ግን በ100 እጥፍ የተነሳ ጨረቃን አይቶ «ይህ ስልክ ከካሜራ ይበልጣል» ብሎ መግዛት ስህተት ነው። ስልኩ በትክክል ምን እንዳየ ለማወቅ ያንን ሥርዓት ማጥፋት ወይም በፕሮ ሞድ ሮው ፋይል፣ ማለትም ያልተቀናበረ ጥሬ ምስል፣ ማንሳት ይበቃል።

በአውቶ ሲያነሱ ጨረቃን በጣትዎ ተጭነው ይያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ሲቆለፉ ጣትዎን ወደ ታች በመሳብ ገጽታዋ እስኪታይ ድረስ ያጨልሙ። ናይት ሞድን አይጠቀሙ፤ እሱ የተሠራው ጨለማን ለማብራት ነው፣ ጨረቃ ደግሞ በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን ያረፈባት አለት ናት።

ስልክን ከባይኖኩላር ወይም ከቴሌስኮፕ ጋር

ቤት ውስጥ 70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ካለ፣ ካሜራ ለመግዛት አይቸኩሉ። 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ፣ ማለትም ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ፣ ሲገባበት 28 ጊዜ ያጎላል፤ የስልክዎ ዋና ካሜራ በዚያ በኩል ሲያይ ጨረቃ ከ700 ፒክሰል በላይ ትሆናለች። ያ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለው ካሜራ ጋር እኩል ነው። በ10 ሚሊ ሜትር አይፒስ ማጉያው 70 ጊዜ ይደርሳል፤ ዝርዝሩም 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በገንዘብ ሲታይ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም። 10x50 ባይኖኩላር ግን ከ25 ኪሎ ሜትር አይወርድም፤ ከስልክ ብቻውን ይሻላል፣ ከዚያ አያልፍም።

የዚህ መንገድ ችግር ማስተካከሉ ነው። ስልኩን በእጅ ይዞ መሞከር ያበሳጫል፤ ስልክን ከአይፒስ ጋር የሚያጣብቅ መያዣ ይፈለጋል። መጀመሪያ 25 ሚሊ ሜትሩን አስገብተው በዓይንዎ እያዩ ፎከሱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ስልኩን ያስሩ። ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ጨረቃ ከተቆረጠች የስልኩ ሌንስ ከመሃል ወጥቷል፣ አለዚያም በጣም ቀርቧል ወይም ርቋል፤ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሱት። ብዙ ሌንስ ያላቸው ስልኮች ቅርብ ነገር ያዩ ሲመስላቸው ራሳቸው ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይራሉ፤ የማክሮ ወይም የሌንስ መቀያየሪያ ሥርዓቱን ያጥፉ። ለማንሳት ስክሪኑን አይንኩ፤ የ3 ሰከንድ ታይመር ያድርጉ። ምስሉ ቀኝና ግራው ተገልብጦ ቢመጣ አይደንገጡ፤ ቴሌስኮፑ ላይ ያለው መስታወት የሠራው ነው፣ በኤዲቲንግ ይመለሳል።

ካሜራ ያለው ሰው ካሜራን ከቴሌስኮፕ ጋር በሚያያይዘው ቲ-ሪንግ አማካይነት ያንኑ ቴሌስኮፕ እንደ 700 ሚሊ ሜትር ኤፍ 10 ሌንስ ሊያስረው ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በመስታወት የሚሠሩት ኒውቶኒያን ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ የፎከስ ቱቦአቸው ወደ ውስጥ በበቂ ስለማይገባ ካሜራ ሲታሰርባቸው አይጠሩም። ለካሜራ ማሰሪያ ከሆነ በሌንስ የሚሠራውን ይምረጡ። ርካሽ ቴሌስኮፕ የሚቆምበት እግርም የካሜራን ክብደት ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

ሱፐርዙም

ሱፐርዙም ሌንሱ የማይነቀል፣ ዙሙ ግን በጣም ረጅም የሆነ ካሜራ ነው። ኒኮን ፒ900 በ2015፣ ፒ1000 እና የካኖን ኤስኤክስ70 በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ሻጮች ፒ900ን 2000፣ ፒ1000ን 3000 ሚሊ ሜትር ነው ይላሉ፤ ይህ ትልቅ ሴንሰር ባለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ ሲሰላ ነው፣ እውነተኛው ርቀታቸው 357 እና 539 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳቸው 55 እና 67 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኤስኤክስ70 ደግሞ 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቆማል።

በፒ900 ሙሉ ዙም ጨረቃ የፍሬሙን ቁመት 70 በመቶ ያህል ትይዛለች፤ ዝርዝሩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚሰጠው በግልጽ ይሻላል ማለት ነው፤ ብዙ የካሜራ ባለቤቶች ይህን መቀበል አይወዱም። በፒ1000 ሙሉ ዙም ሙሉ ጨረቃ ከላይና ከታች ትቆረጣለች፤ ሙሉዋን ዙሪያዋ ላይ ቦታ ትቶ ለማግኘት ወደ 2400 መመለስ ይሻላል። ስለዚህ ለጨረቃ ብቻ ተብሎ በፒ1000 እና በፒ900 መካከል የሚከፈለው የዋጋ ልዩነት ብዙም አያዋጣም። የፒ1000 ጥቅም ሮው ፋይል መስጠቱ ነው፤ ፒ900 ጄፔግ ብቻ ነው። በመካከል ያለው ፒ950 ሮው ይሰጣል፣ ዙሙም የፒ900ን ያህል ነው።

ትንሿ ሴንሰር ግን ዋጋዋን ታስከፍላለች። አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 400 ካለፈ ምስሉ ይሻክራል፤ ከቤት ውስጥ ሠርግና ልደትም ሆነ ከማታ ጎዳና ብዙ አይጠብቁ። ሌላው ችግር ጨረቃን ማግኘቱ ነው። ሙሉ ዙም ላይ ካሜራው በትንሹ ሲነቀነቅ ትጠፋለች፤ መሃል ላይ አስቀምጠዋት እንኳ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፍሬሙ መውጣት ትጀምራለች። ጎኑ ላይ ያለውን የዙም መመለሻ ቁልፍ ተጭነው ካገኟት በኋላ ይልቀቁት፤ ከዚያም በምትሄድበት አቅጣጫ ቦታ ትተው ያነጣጥሩ።

ሌንስ የሚቀየርበት ካሜራ

ካሜራው ካለዎት ጥያቄው የሌንስ ብቻ ነው። 55-250 ወይም 70-300 ሚሊ ሜትር በቂ ጅማሮ ነው። ከላይ እንዳልነው በጨረቃ ዝርዝር በሱፐርዙም ይበለጣል፤ በሌላው ሁሉ ግን እሱ ይበልጣል። ሰው፣ ወፍ፣ ስፖርት፣ የጨረቃ ግርዶሽ፣ ሁሉንም ያነሳል። በኤፍ 8 ያንሱ፤ ርካሽ ዙም ሌንሶች ጫፋቸው ላይ በሙሉ ቀዳዳ ሲያነሱ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ቀለም ይተዋሉ፣ ትንሽ ሲጠቡ ይጠራሉ።

ከሲግማና ከታምሮን የሚገኙት 150-600 ሌንሶች ጨረቃን 1400 ፒክሰል አድርገው 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። ያ የሱፐርዙም ደረጃ ነው፣ ግን ንጹህና ለኤዲቲንግ የሚመች። ለጨረቃ ብቻ ብለው አይግዙት፤ ወፍና አውሬ ለሚያነሳ ሰው ጨረቃ ትርፍ ናት።

መራቅ ያለብዎት ሁለት ነገር አለ። አንዱ በሌንስ ፊት የሚጠመዘዘው «2.2 እጥፍ ማጉያ» ነው፤ የሚያጎላው ብዥታን ነው። ሌላው ከ420 እስከ 800 ሚሊ ሜትር የሚባለው ቀጭንና ርካሽ ዙም ነው። ጫፉ ላይ ኤፍ 16 ስለሚሆን ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ መስታወቱም ደካማ ነው። በካሜራና በሌንስ መካከል የሚገባው 2 እጥፍ ቴሌኮንቨርተር ከነዚህ የተለየና ደኅና ነገር ነው፤ ሆኖም ብርሃኑን ወደ ሩብ ያወርደዋል፣ ከኤፍ 5.6 ዙም ጋር ሲታሰርም አውቶ ፎከሱ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል።

የትኛውንም ይዘው፣ አስተካክሉ ይህ ነው

አውቶ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ያበራል፤ ጨረቃ ነጭ ሳህን ትሆናለች። ማኑዋል ያድርጉ። ለሙሉ ጨረቃ መነሻው አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ነው። በኤፍ 8 ከሆነ 1/200፣ በኤፍ 5.6 ከሆነ 1/400። ለግማሽ ጨረቃ ብርሃኑን ወደ አራት እጥፍ፣ ለቀጭን ጨረቃ ወደ ስምንት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያሳድጉ። ከአድማስ ሳትርቅ ቀይ ሆና ስትታይ ከዚህ ሁሉ በላይ ብርሃን ትፈልጋለች። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ካነሱ በኋላ አጉልተው ያዩና ነጭ ሆኖ የጠፋ ቦታ ካለ ሹተሩን ያፍጥኑ።

በእጅ ከሆነ ከ1/500 በታች አይውረዱ። በትራይፖድ ከሆነ 1/60 ይበቃል፤ የጨረቃ ጉዞ በዚያ ፍጥነት አይታይም። የሚታየው የእጅዎ ንዝረት ነው፦ የ2 ሰከንድ ታይመር ያድርጉ፣ መስታወት ያለው ካሜራ ከሆነ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ) ያንሱ፣ የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ አይሳቡ። በድሮ ሌንሶች ላይ የንዝረት መከላከያውን ትራይፖድ ላይ ሲሆኑ ያጥፉት፤ ንዝረት ሲያጣ ራሱ ይፈጥራል። የዩቪ ፊልተርን ያውልቁ፤ ከጨረቃ ጎን ደብዛዛ ሁለተኛ ጨረቃ የሚያመጣው እሱ ነው። ፎከሱን በላይቭ ቪው 10 እጥፍ አጉልተው ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ያጥሩ፤ የማያልቅ ርቀት ምልክቱን ብቻ አይመኑ።

አንድ ፎቶ ብቻም አይውሰዱ። አየሩ የሚረጋጋው ለቅጽበት ስለሆነ 30 ወይም 50 ተከታታይ ፎቶ አንስቶ የተሻለውን መምረጥ፣ ወይም አውቶስታከርት በተባለው ነጻ ፕሮግራም መደራረብ፣ አዲስ ሌንስ ከመግዛት ያላነሰ ለውጥ ያመጣል።

መቼና ከየት

ሙሉ ጨረቃ ለጉድጓዶች የከፋች ናት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፤ የምትሆነው ለነጫጭ ጨረሮቹ ብቻ ነው። ጨረቃ ከተወለደች ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ይመረጣል። በግማሽነቷ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ምቹ ነው።

ኢትዮጵያ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእግር በታች ቀርቷል። ጨረቃም በየትኛውም ወር በሌሊቱ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ከ50 ዲግሪ በላይ ናት። ስቶክሆልም ላይ ግን የአውሮፓ በጋ ሙሉ ጨረቃ ከአድማስ ብዙም አትነሳም፤ እዚያ የሚኖር ሰው የአውሮፓን ክረምት ቢጠብቅ ይሻለዋል። ዕድሉ የራሱ ችግር አለው። ጨረቃ አናት ላይ ስትሆን ረጅም ሌንስ ከትራይፖድ እግር ጋር ይጋጫል፣ ስክሪን የማይታጠፍ ካሜራም አንገት ያጣምማል፤ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ሳለች ያንሱ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግረው አያነጣጥሩ፤ ቀን የሞቀው ቆርቆሮ ከመሸ በኋላ የሚለቀው ሙቀት ምስሉን ያናውጠዋል። በመስኮት መስታወት በኩል ማንሳትም ያው ነው። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ካሜራውን ከኤሲ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው አታንሱ፤ ሌንሱ በእርጥበት ይሸፈናል። በቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆዩት።

ጨረቃን ከሕንጻ ጋር ከፈለጉ ምርጫው ይገለበጣል። ሱፐርዙሙም ቴሌስኮፑም ቀርተው ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ይነግሣል፤ ወሳኙም ርቀት ነው። ያው 110 እዚህም ይሠራል፦ ከ6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጨረቃ 55 ሜትር ያህል ትሸፍናለች፣ 209 ሜትር ከሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሩቡን ማለት ነው። ተጠግተው ካነሱት በዚያው ሌንስ ከሕንጻው አጠገብ ኢምንት ትሆናለች። ከሙሉ ጨረቃ አንድ ቀን በፊት ያንሱ፤ ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለምትወጣ የሕንጻውና የጨረቃዋ ብርሃን ይመጣጠናል። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለምትዘገይ ሰዓቱንና አቅጣጫዋን ስቴላሪየም በተባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም አስቀድመው ይዩ።

ለሙሉ የጨረቃ ግርዶሽም እንዲሁ። ቀይ ስትሆን ብርሃኗ በብዙ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል፤ ሹተሩ ወደ 1 ሰከንድ፣ አይኤስኦው ወደ 800 ወይም 1600 ይሄዳል። ትንሿ ሴንሰር እዚህ ትሸነፋለች፤ 300 ሚሊ ሜትር ከኤፒኤስሲ ካሜራ ጋር የተሻለ ነው።

ያገለገለ ከገዙ

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። የስልክ ባትሪ ብርሃን በሌንሱ በአንድ በኩል አብርተው በሌላው ይዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፣ ይተዉት። ጥቂት አቧራ ግን ምስል ላይ አይታይም። ሱፐርዙም ከሆነ ከውስጥ ለማጽዳት የማይመች ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይመርምሩት፦ ከሰፊው እስከ ጫፉ አምስት ስድስት ጊዜ ያስኪዱት፣ ሲወጣ ሲገባ የሚንገጫገጭ ወይም መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ሞተሩ ደክሟል። ከሱቁ ወጥተው ሩቅ ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ በሙሉ ዙም ያንሱና ፊደሎቹን ያነጻጽሩ። በአንድ ወገን ጠርተው በሌላው የተድበሰበሱ ከሆነ ካሜራው ወድቆ ሊሆን ይችላል።